ስድስት ነጭ ቀለበት

አባቴ ሲንኩን ከአዲስ አበባ ያመጣው በካርቶን ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ነው። የ1990 ፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከቡታጅራ መናኸሪያ እስከ ቤታችን በፈረስ ጋሪ መጣ። አባቴ ከጋሪው ጎን ጎን እየሄደ፣ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር መዳፉን ካርቶኑ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ የታመመ ሰው የሚያጅብ ይመስል። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም "የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ ነው" እላለሁ። በሰፈራችን ዕቃ የሚታጠበው በሳፋ ስለነበር ብዙዎቹ ምን እንዳልኳቸው አልገባቸውም።

አባቴ ባዩ አዲስ አበባ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይመጣል፤ ለመስቀል ግን ቀርቶ አያውቅም። የእኛ አገር ሰው የትም ይሁን የት ለመስቀል አገሩ ይገባል። የቀረው ጊዜ የእኔና የእናቴ ነበር።

ሲንኩን ግቢ ውስጥ፣ ከቧንቧችን አጠገብ፣ ከማድ ቤቱ በወጣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆመው። እግሩን በጡብ ሠራ፤ የቆሸሸው ውሃ በጎማ ወደ እንሰቱ እንዲሄድ አደረገ። በአንድ ጎኑ ጎድጓዳው አለ፤ በሌላው ጎኑ የታጠበ ዕቃ የሚንጠፈጠፍበት፣ መስመር መስመር ያለው ሰሌዳ። እናቴ አበበች እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ታየው ነበር።

"አዲስ ነው?" አለችው።

"ከሱቅ የወጣ" አለ፣ ራሱን ከቧንቧው ሳያነሳ።

በማግስቱ ሄደ። ሲንኩ በፀሐይ ሲደርቅ ሰሌዳው ላይ፣ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ስድስት ትናንሽ ነጭ ክቦች ወጡ። በሁለት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት። እናቴ በሳሙና አሸቻቸው፤ አልሄዱም። በአመድ ሞከረች። ውሃ ሲነካቸው ይጠፋሉ፤ ሲደርቁ ተመልሰው ይወጣሉ። ከዚያ ጎንበስ ብላ እያንዳንዳቸውን በጣቷ ነካቻቸው። ቀና ስትል አሚኔን ጠራች።

አሚኔ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር፣ ስምንት ልጆች የወለደች፣ እናቴን ለማሳቅ ብላ ሥራ የምትፈታ ጎረቤታችን ናት። የዚያን ቀን ግን አልቀለደችም። አውራ ጣቷንና የመሐል ጣቷን አገናኝታ አንዱን ክብ ለካችው።

"ጡጦ ነው" አለች። "ታጥቦ በአፉ ተደፍቶ። ሁልጊዜ እዚሁ ቦታ። ይሄ ደግሞ የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም፣ አበበቼ።"

"ልጅቷ እዚህ አለች" አለች እናቴ።

አሚኔ ወደ እኔ ዞራ፣ እስቲ ሩቲዬ ከቤት ወንፊት አምጪልኝ አለችኝ። ሄድኩ። እኔ ጡጦ አልተው ብዬ ሰፈሩን ያሳቅሁ ልጅ ነበርኩ፤ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ይዤው እዞር እንደነበር አሁንም ይነገረኛል። ስለዚህ ስለ እኔ የሚያወሩ መስሎኝ አፈርኩ። ወንፊቱን ይዤ ስመለስ አሚኔ ለምን እንዳስመጣችው ረስታዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ ጠባይ ተለወጠ። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ሚስማር ላይ ሰቀለች። ዕቃ በታጠበ ቁጥር፣ የመጨረሻው ብርጭቆ እንደተነሳ፣ ሲንኩን በጨርቁ ታደርቀዋለች። ጎድጓዳውን፣ ጠርዙን፣ የቧንቧውን አንገት፣ የሰሌዳውን መስመሮች አንድ በአንድ። ጠብታ አታስቀርም። እሷ ገበያ ስትሄድ ጨርቁ የእኔ ነበር። አንዴ ረስቼው ለጨዋታ ወጥቼ ኖሮ፣ ስመለስ ጎድጓዳው ውስጥ የደረቁ ጠብታዎች አየች። መትታኝ የማታውቅ ሴት ያን ቀን እጇን አነሳችብኝ። አልመታችኝም፤ ግን አነሳች። ከዚያ እነዚያን ጠብታዎች ጥፍሯ እስኪያማት ፋቀቻቸው።

ስድስቱን ነጭ ቀለበቶች ግን ጨርቁ አያሻቸውም ነበር። ዙሪያቸውን አድርቃ፣ እነሱ ጋ ስትደርስ እጇ ቀለል ይላል። ስለማይለቁላት ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። ማታ ማታ በር ላይ ሳጠና ቀና ብዬ ሳያት፣ ፊታቸው ቆማ ታያቸዋለች። ጠላቶቿ እንደሆኑ ገባኝ። እኔም ጠላኋቸው።

"አበበች ሲንክ አገባች" ትላለች አሚኔ፣ በአጥሩ ላይ። እናቴ ፈገግ ትላለች፤ ግን ጨርቁን አታስቀምጥም።

ዛሬ ወልቂጤ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ውሃ ሲተን በውስጡ የሟሟው ነገር እንደማይተን፣ ከድንጋይ ያመጣውን ለድንጋይ እንደሚመልስ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። እናቴ ይህን የሚያስተምራት አልነበረም፤ ግን ከእኔ በተሻለ ታውቀው ነበር። ያን ጨርቅ የያዘችው ቀለበቶቹን ለማጥፋት አልነበረም። የቡታጅራ ውሃ በላያቸው አንዲት ጠብታ እንዳይጨምር ነበር። ሌላው ቦታ ሁሉ እንደ መስታወት ጠርቶ እነሱ ብቻ ከቀሩ፣ ማንም "የራሳችሁ ውሃ የሠራው ነው" ሊላት አይችልም።

በነሐሴ አባቴ ለሁለት ቀን መጣ። ራት ላይ፣ በሚመጣው ዓመት ሩቲ አዲስ አበባ ትማራለች አለ። ትምህርት ቤቱ ፎቅ እንደሆነ፣ ቤተ መጻሕፍት እንዳለው ነገረኝ። እኔ ፎቅ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

"የት ነው የምትቀመጠው?" አለች እናቴ።

"ዘመድ ቤት።"

"ዘመዱ ስም የለውም?"

አባቴ ሳቀ። ሴት ልጅ ተምራ ሰው ስትሆን የማትፈልግ እናት አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እናቴ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ለመስቀል ሁሉም ሰው ሲገባ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት እንነጋገራለን አለችው። ለእኔ ምንም አላለችኝም። ውጭ፣ በኩራዝ፣ ሲንኩን ስታደርቅ ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እናቴ ለምን እንደምትከለክለኝ ለማወቅ ስሞክር አንድ መልስ ብቻ አገኘሁ፦ እኔ ከሄድኩ እሷ ገበያ ስትውል ሲንኩን የሚያደርቅ የለም። ሁሉም ነገር የእነዚያ ቀለበቶች ጥፋት ነው። እነሱ ቢጠፉ እናቴ ታርፋለች፤ እናቴ ካረፈች እኔ እሄዳለሁ።

ከትምህርት ቤታችን አጠገብ የአምሀ ሻይ ቤት ነበር። አንድ ቀን አምሀ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሻይ ማፍያውን ውስጥ በግማሽ ሎሚ ሲያሽ ደረስኩ። ውስጡን የሸፈነው ነጭ ነገር እየተነሳ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ድንጋይ ነዋ" አለኝ። "ውሃው ሄዶ ድንጋዩ ሲቀር ነው። ድንጋይ ደግሞ ሳሙናን አይፈራም፤ የሚፈራው ሎሚን ነው። ግን ታገሺ፤ ቀብተሽ ትተሽው ሂጂ፣ ራሱ ይለቃል። የብረት ሽቦ እንዳታስነኪው፣ ይቧጨራል።"

ለትምህርት ቤት የሚሆን ነገር የምጠይቅ መስሎት ሁለት ሎሚ ሰጠኝ።

ከመስቀል በፊት ዕቃ ሁሉ ከግድግዳ ወርዶ የሚታጠብበት ቀን አለ። ሳህኑ፣ ጣባው፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተነካው ሁሉ ይወርዳል፤ ቤቱም እንደ አዲስ ይጸዳል። በዚያን ቀን እናቴ የክትፎ ቅቤ ለመግዛት ማልዳ ወደ እንሴኖ ገበያ ሄደች። እኔ አራት ሎሚ ነበረኝ፤ ሁለቱን ከአሚኔ ጓሮ ነው የለቀምኩት። ጨመቅኋቸው። አሮጌ ካልሲ ቆራርጬ በጭማቂው አራስኩና በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አለበስኩ። ስድስት ትናንሽ እርጥብ ጨርቆች። ጥላው ከጡቡ እግር እስከ እንሰቱ እስኪደርስ ጠበቅሁ። እጄ ላይ የነበረው ጭረት ይለበልበኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ጨርቅ ሳነሳ ክቡ ሳስቷል። በመስመሩ አቅጣጫ ቀስ እያልኩ አሸሁት። ውሃ አፈሰስኩ። አደረቅሁ። ፊቴን አስጠግቼ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ሁለተኛውም አልተመለሰም። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ እዘምር ነበር።

እናቴ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገባች። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ዘንቢሏ ውስጥ ነው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ሲንኩ ፊት ቆምኩ።

"እማ፣ ነይ እይ።"

አየች። ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። እንደ መጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምንም በሌለበት፣ ግን ልክ በቦታቸው፣ እስከ ስድስት። ወደ ሌላው ጎን ዞራ በብርሃን በኩል አየች።

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ። በሎሚ።"

ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ ፊቴን አየችው። ምን እንዳየችበት አሁን አውቃለሁ፤ ምስጋና የሚጠብቅ ልጅ ፊት ነው ያየችው።

"እጅሽን አሳዪኝ" አለችኝ። ጣቶቼ ቀልተው ነበር። ራሷ ቧንቧ ሥር አጠበችልኝ። ከዚያ የመስቀሉን ቅቤ ኮባ ፈትታ፣ በጣቷ ቆንጥራ ጭረቴን ቀባችው።

"ጎበዝ" አለች። "እንዴት ያበራል።"

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። በደስታ ሰው እንደሚያለቅስ ሰምቼ ስለነበር ገርሞኝ አየኋት። እጄ ሲታጠብ የተረጨው ውሃ ሰሌዳው ላይ ነበር። ጨርቁን ከሚስማሩ ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተዪው፣ ይድረቅ።"

በመስቀል ማግስት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ። ትልቁ የአባቴ ታላቅ ወንድም ይትባረክ ነበር፤ ዳኝነቱ ከቡታጅራ አልፎ የሚፈለግ ሰው። በሉ፣ ጠጡ። እኔ ውጪ ተባልኩ፤ ሲንኩን ተደግፌ ቆምኩ። በሩ ክፍት ነው። የምጠብቀው ነገር አንድ ነው፦ እሄዳለሁ ወይስ እቀራለሁ።

እናቴ መጀመሪያ የተናገረችው አልተሰማኝም። አባቴ "ሐሰት ነው" ሲል ሰማሁ።

"አበበች" አለ ይትባረክ። "ከባድ ነገር ነው ያነሳሽው። ምስክር አለሽ?"

"ነበረኝ።"

"አሁንስ?"

እናቴ በበሩ ወደ ውጭ አየች። ፈገግ አልኩላት።

"አሁን የለኝም።"

"እንግዲያ ያገራችን ሥርዓት ይታወቃል። ምስክር ከሌለ ባዩ ይምላል። በልጁ ራስ ይምልና ነገሩ ይዘጋል።"

አባቴ ሲነሳ አየሁ። ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ግን ተነሳ። ሩቲ፣ ነይ ብሎ ጠራኝ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። እናቴ ከተቀመጠችበት ቀድማው ተነስታ በሩና እኔ መሐል ቆመች።

"አታስምሉት" አለች። "ነገሬን ትቻለሁ። ልጅቷም ትሂድ።"

እናቴ ለአባቴ ያዘነችለት መሰለኝ። የተፈቀደልኝ በእኔ ሎሚ እንደሆነም አልተጠራጠርኩም። ሮጬ ሄጄ በአጥሩ ላይ ለአሚኔ፣ አዲስ አበባ ልሄድ ነው አልኳት። አሚኔ ገብታ በሯን ዘጋች።

ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ራሷ አሚኔ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ በዚያው አጥር ላይ። ባሌ ሌላ ቤት አለው የምትል ሴት ባዶ እጇን ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች የሚያውቁ ነበሩ፤ የሚናገር ግን አልነበረም። እናቴ ይትባረክን ወደ ሲንኩ ልትወስደው ነበር፤ አሚኔ ደግሞ ልትመሰክር፣ ስምንት ልጅ ያሳደገች ሴት የጡጦ አፍ አይጠፋትም ብላ። ይትባረክ ራሱ የልጅ ልጆች ያሉት ሰው ነው።

"በባሏማ ተስፋ ቆርጣ ነበር" አለችኝ አሚኔ። "የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አንቺ በሌላ ሴት እጅ እንዳታድጊ። መማሉን ደግሞ እንደሚምል አወቀች። በሐሰት። ባንቺ ራስ። እና ምን ታድርግ?"

አዲስ አበባ የተቀመጥኩበት ቤት የዮርዳኖስ ቤት ነበር። አክስቴ ናት ተባልኩ፤ አክስቴ አልኳት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ዮናታን የሚባል ልጅ ነበራት፤ አባቴን አባዬ ይለዋል። እኔ የከተማ ልጆች ትልቅ ወንድ ሁሉ አባዬ የሚሉ መሰለኝ። ማድ ቤቷ ውስጥ አዲስ ሲንክ ተገጥሟል። የዮናታን ጡጦዎች ታጥበው በአፋቸው ተደፍተው ሰሌዳው ላይ ይደረደራሉ፣ ሦስት ሦስት፣ በሁለት ረድፍ። በየቀኑ አየኋቸው። አንድም ቀን አልገባኝም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው፣ ዮርዳኖስ ለጎረቤት ስትናገር ሰምቼ፣ ዮናታን ወንድሜ መሆኑን ያወቅሁት። ቀለበቶቹን ግን ያኔም አላስታወስኳቸውም።

ለመስቀል ቡታጅራ ስንገባ እናቴ ስለዚያ ቤት አትጠይቀኝም ነበር። ምን እንደምበላ፣ ማን እንደሚያበጥረኝ፣ ምንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ፀጉሬን እየሠራችልኝ፣

"የዕቃ ማጠቢያቸው ምን ይመስላል?" አለችኝ።

"አዲስ ነው" አልኳት።

እጇ ፀጉሬ ውስጥ ትንሽ ቆየ። "ይሁን" አለች፤ ሹሩባውን ቀጠለች። የእኛው ሲንክ በዚያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር። ጨርቁ ከሚስማሩ ላይ የለም።

እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆናት። ስለ ሎሚው አንስቼባት አላውቅም። አሚኔ ከነገረችኝ በኋላም ስንት ጊዜ ከንፈሬ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሷም እስከ መጨረሻው አላነሳችብኝም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ባለቤቴ ምንተስኖት አረፈ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል፤ ብርጭቆውን አለቅልቆ ሲንኩ ጠርዝ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እርጥቡን ይደፋዋል። ጨርቅ እኮ አለ እለዋለሁ። ነገ አደርቀዋለሁ ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተባባልን። በዚያ ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ ክብ ነበር።

በሠልስቱ ማግስት የለቀስተኛው ቁጥር ቀንሶ፣ የባለቤቴ እህት ልጅ ቅድስት ከማድ ቤት መጥታ እጄን ያዘችኝ። አሥር ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ ነበር የዋለችው። አንድ ነገር ላሳይሽ አለችኝ። ተነስቼ ተከተልኳት።

ሲንኩ ከዳር እስከ ዳር ያበራ ነበር። ጠርዙን በቀኝ በኩል አየሁ። ከጎኑ ተጨምቆ ያለቀ ሎሚ ተቀምጧል።

"አንድ እምቢ ያለ ነበር" አለች ቅድስት። "እሱንም አስለቀቅሁት።"

እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች። ሳሎን ውስጥ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ጣቴን ጠርዙ ላይ፣ ቦታው ላይ፣ አሳረፍኩት። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር።

"ጎበዝ" አልኳት። "እንዴት ያበራል።"

ከዚያ እጇን ተቀብዬ ቧንቧ ሥር አጠብኩላት፤ ጣቶቿ ቀልተው ነበር። ውሃው ጠርዙ ላይ ተረጨ። ልጅቷ ጨርቁን ለማንሳት ዞረች።

"ተዪው" አልኳት፣ "ይድረቅ።"